በወንዶች ሰሌዳ አንለካም ያሉት ሲስተር አገርነሽ

ተፈቀደ! የሴቶች የልብ ምትና የደም ግፊት መለኪያ ሰሌዳ ለብቻው እንዲሰቀል ተፈቅዷል፤ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እጃችን ላይ ነው። ከሰላምታ በፊት ይህን ማስቀደማችንን ይቅር በሉን፤ ዘጠኝ ጊዜ ጽፈው የጠየቁት እሳቸው ናቸውና ሥራቸው ይቅደም ብለን ነው።

የጣና ዳር የማለዳ ስፖርት ማኅበር የጤና ተጠሪ የነበሩት ሲስተር አገርነሽ አዘዘ እሑድ ሚያዝያ 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በድንገተኛ ሕመም በ63 ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላትና ለባሕር ዳር ሕዝብ የምንገልጸው በጥልቅ ኀዘን ነው። ደብዳቤው የደረሰን ማክሰኞ ሚያዝያ 20 ነው። ሁለት ቀን! ሦስት ዓመት ጠረጴዛ ላይ የተኛ ወረቀት ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ቢነሣ ምን ነበረበት? ኀዘናችን ከንዴት ጋር ነው፤ አንደብቅም።

በ2009 ዓ.ም. ማኅበራችን ከዋርካው ሥር የልብ ምት ሰሌዳ ሰቀለ። ቁጥሩ የተወሰደው ከሠላሳ አባላት ነበር፤ ሠላሳውም ወንዶች፣ አብዛኞቹም የፋብሪካ ኳስ ተጫዋቾች የነበሩ። እስከ ዓባይ ድልድይ ፈጠን ብሎ ደርሶ መልስ፣ ከዚያ አሥራ አምስት ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት፤ ሰሌዳው ላይ ካለው ቁጥር ያልደረሰ ወደ ኋላ ረድፍ።

በ2010 ዓ.ም. ሲስተር አገርነሽ ከአሥራ አራት ሴቶች ጋር ተመዘገቡ። ሰሌዳውን የነካው ግን የለም። የኋላው ረድፍ በሴቶች ሞላ፤ ሰብሳቢያችን አቶ አምባቸውም «እናንተ የምትመጡት ለወሬ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ሲስተር የመለሱትን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ «ጋሼ አምባቸው፣ እኔ ሰነፍሁ ወይስ ሰሌዳው? የኔ ልብ የእርስዎ ልብ አይደለም!»

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው የስድሳ አራት ሴቶችን ምትና ግፊት ከስፖርቱ በፊትና በኋላ መዝግበዋል። የሴት ልብ በመጠኑ አነስ እንደሚል፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ የደም ሥር ቶሎ እየጠጠረ እንደሚሄድ፣ በዚያ ዕድሜ ስትሮጥ ግፊቷ ከእኩያዋ ወንድ በላይ ሊወጣ እንደሚችል ሳይሰለቹ አስረድተዋል። እኛ አመራሮቹ ሰምተን «በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል» አልን። ስንት ስብሰባ አለፈ!

በ2014 ዓ.ም. ከመሸንቲ የሚመላለሱት ወ/ሮ ፀሐይወርቅ ከኋላ ረድፍ ለመውጣት ብለው ያን ቁጥር ሲያሳድዱ ድልድዩ ጋ ወደቁ። ሲስተር ቢለኳቸው የላይኛው ግፊት 210። ደግፈው ሐኪም ዘንድ አደረሷቸው፤ ዛሬ ደኅና ናቸው፣ ይመስገን። ሰሌዳውን ግን ያን ጊዜም አላወረድነውም። ይህ ጥፋት የማንም ሳይሆን የእኛ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እኛን ትተው ሐኪም የሴቶች ሰሌዳ እንዲያዘጋጅ፣ ነርስም እንድትመደብ በቀጥታ ለጤና ቢሮ ጻፉ። መልሱ ሁልጊዜ «ነገ ይምጡ» ነበር። ዘጠነኛው ደብዳቤ ነው የተፈቀደው። ዕድሜያቸው ከአርባ አምስት በላይ ለሆኑ ሴቶች ሐኪም ያዘጋጀው ሰሌዳ ይሰቀላል፣ ነርስም በየቅዳሜው መጥታ ትለካለች። የኋላ ረድፍ የሚባል ነገር ከእንግዲህ የለም፤ አሮጌውን ሰሌዳ አቶ አምባቸው በገዛ እጃቸው አውርደዋል፣ እያለቀሱ።

ለልጃቸው ለኪዲ፣ ለቤተ ዘመዶቻቸውና አብረዋቸው ለሠሩ ነርሶች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን፤ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን።

ኪዲ አንድ ነገር አደራ ብላናለች፤ እናቷ የለፉበት ቀን በለቅሶ እንዳይታለፍ። አርባቸው ሐሙስ ግንቦት 27 ነው፤ ስለዚህ ነጠላ ማዘቅዘቅ እስከዚያ ድረስ ይበቃል። አዲሱን ሰሌዳ ወ/ሮ ፀሐይወርቅ ይሰቅላሉ፣ እኛ እልል እንላለን። እናቶች፣ እኅቶች፣ የቀለዳችሁ ወንዶችም ጭምር፣ የስፖርት ጫማችሁን አድርጋችሁ ከዋርካው ሥር እንድትገኙ፤ ማንም እንዳይቀር፤ ቅዳሜ ግንቦት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል።