ከሰሌዳው ጎን የምትቆመው ሴት

ጥር 6

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። እንደ ወትሮው ላይቭ ገብቼ ፊዚክስ ሳስተምር… ክፍሏ ጠባብ ናት። ሰሌዳ፣ ካሜራ፣ አንድ ወንበር። ከእኔ በቀር ማንም የለም። ስሌቱን ጨርሼ ስዞር ኮሜንት ይጎርፋል።

«ቲቸር፣ አጠገብሽ የቆመችው ማናት?»

ዞሬ አየሁ። ግድግዳ ነው። ፈተና ሲደርስ እንዲህ ያደርጋችኋል ብዬ ሳቅኩባቸውና ቀጠልኩ።

በኋላ ቅጂውን ከፈትኩት። ብቻዬን ነኝ። ታዲያ ሦስት መቶ ልጅ እንዴት አንድ ዓይነት ነገር ያያል?

ጥር 7

ኦንላይን የማስተምርበት ድርጅት ኃላፊ ቢሮው አስጠራኝ። ተመልካች ለማብዛት መንፈስ ፈጥረሻል አለኝ። ወላጆች እየደወሉ ነው አሉ። ቅጂውን ላሳየው ብል ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም።

«የተማርሽ ልጅ አይደለሽ እንዴ? ዓርብ ላይቭ ላይ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። አለዚያ ሥራ የለሽም።»

የተማርኩ ስለሆንኩ እኮ ነው የማጣራው… አላልኩትም። ምነው ባልኩት።

ጥር 8

ታናሽ እህቴን ቤት ሆና እንድትከታተል አደረግኳት። ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ ሻጥ አድርጌ፣ እያስተማርኩ፣ ቀስ ብዬ ጠየቅኳት። ሴትዮዋ አለች?

«አለች። ካንቺ ትረዝማለች። አለባበስም ታውቃለች።»

ይቺ ቀልደኛ። ምን እያደረገች ነው አልኳት። ስትመልስልኝ ድምጿ ቀጥኗል።

«ትጠቁማለች። ሰሌዳው ታች፣ ቀኝ ጥግ። አንቺን ዞራም አላየችሽም።»

ፈራሁ? አዎ። ግን ጥያቄው ከፍርሃቱ ባሰብኝ። እዚያ ጥግ ምን አለ? ምንም። ሁሌም ባዶ ነው። ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ቢሮው አባዝቶ ከሚያድለን የትምህርት ወረቀት እየገለበጥኩ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው እዚያ ጥግ ሳይደርስ ያልቃል።

ጥር 9

ስሌቱን ከባዶ ሠራሁት። የታደለኝ ወረቀት አንድ መስመር ይጎድለዋል። የትናንቱም። ያለፈው ሳምንትም። በሁሉም ወረቀት ላይ የመጨረሻዋ መስመር የለችም። እኔ ደግሞ፣ በማዕረግ የተመረቅኩት፣ ሦስት ወር ሙሉ አምኜ ስገለብጥ ነበር… አፈርኩ።

ዋናዎቹ ወረቀቶች የት ናቸው? የጽዳት ሠራተኛዋን እማማን ጠየቅኩ። ኮሪደሩ ላይ ያለውን ቁም ሳጥን ከፈቱልኝ። አቧራውን የምጠርገው እኔ፣ ምን እንዳለበት የማውቀውም እኔ ነኝ ብለው ሳቁ።

ሁሉም በእጅ የተጻፉ። ታች፣ ቀኝ ጥግ ላይ የጎደለችው መስመር አለች። ከሥሯ ስምና ፊርማ። ቢሮው ሲያባዛ ስሙን ለመደበቅ ጠርዙን ቆርጦታል። መልሱም አብሮ ሄደ!

የፈረመችው ከእኔ በፊት የነበረችው መምህርት ናት። ረጅም ነበረች አሉኝ። አምና ታማ ሞተች።

«ስሜን አትቁረጡብኝ እያለች ስንቴ ቢሮ ተመላለሰች መሰለሽ፣ ልጄ።»



ጥር 10፣ ዓርብ

ኃላፊው ካሜራው ጀርባ ቆሞ በራሱ ስልክ ይከታተለኛል። ይቅርታዬን ይጠብቃል።

ስሌቱን እስከ መጨረሻዋ መስመር ጻፍኩ። ጥጉ ላይ ሙሉ ስሟን ጻፍኩ። ከዚያ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ይህን ሁሉ ያዘጋጀችው እሷ ናት። ሦስት ወር ጎደሎ ስላስተማርኳችሁ ይቅርታ፤ ላልዋሸሁት ግን አልጠይቅም።

ኃላፊው ካሜራውን ሊዘጋ ከጀርባው እጁን ወደ ሌንሱ ፊት ሰደደ። እጁ መንገድ ላይ ቀረ። ዓይኑ ስልኩ ላይ ተተክሏል፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ልቀቂኝ» አለ በቀስታ።

እኔ ሰሌዳው ጋ ነበርኩ። አራት እርምጃ እርቀዋለሁ።

ኮሜንቱን አነበብኩ። ሁሉም አንድ ነገር ነው የጻፉት፤ እጁን ይዛዋለች።

ትምህርቱን ጨረስኩ። ጥያቄ ያለው አልኩ። አንድ ልጅ ስለ መጨረሻዋ መስመር ጠየቀ፣ አስረዳሁት።

ማታ ተባርረሻል የሚል መልእክት ደረሰኝ። ይሁን። ስሙ የተቆረጠ ወረቀት ይዤ ሰሌዳ ፊት አልቆምም። ባልሠራሁት አንገቴን አልደፋም። የሠራሁትንም ማንም ስሜን ቆርጦ አያድለውም፤ በሕይወት እያለሁ ነው የምከለክለው።