ያላሾፍንብሽ ዓመት

ውድ ሳልቮር፣

ስልክ ብደውልልሽ አታነሺም፤ ብታነሺም «ስቱዲዮ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ» ትይና በዚያው ትጠፊያለሽ። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል ብያለሁ። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። ዛሬ የዋና ገንዳው ተረኛ እኔ ነኝ፤ ከጠዋት ወዲህ ግን ትኬት የሚቆርጥ ሰው የለም። ውጭ በረዶው አግድም ይነፍሳል። ሙቁ ገንዳ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች እስከ አገጫቸው ተነክረው መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ይጨቃጨቃሉ። እናትሽ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ አፏን ግን ምንም አላመማትም።

ሳላዟዙር ልንገርሽ፤ ለዘንድሮው ቶራብሎት፣ ለክረምት ድግሳችን፣ እንድትመጪ እፈልጋለሁ። እናትሽ ስትጠይቅሽ «እዚያ አሁን እንግዳ ነኝ፣ መጥቼ ምን ላደርግ?» ማለትሽን ነግራኛለች። ይህን ስትነግረኝ ድስት እያጠበች ነበር፤ ድስቱ ጠርቶ ሳለ ማጠቧን አላቆመችም። እኔም ተቀብዬ አደረቅሁት። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ያቺ «እንግዳ» የምትል ቃል ስትከነክነኝ ሰነበተች። አንቺ እዚህ መንደራችን ካልድቪክ ውስጥ እንግዳ ከሆንሽ እኔ ማን ልሆን ነው? ነገሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ አንቺ ግን ግማሹን ብቻ ነው የምታውቂው።

ከወደቡ በላይ ያለውን የድሮውን የዓሣ ዘይት ታንከር ትዝ ይልሻል? ከትምህርት ቤት ስንወጣ በዚያች በዛገች በር ተሽሎክልከን የምንገባበትን። እኔ የምገባው ነፋሱን ሽሽት ነበር፤ አንቺ ግን ለሌላ ጉዳይ። መሃል ላይ ቆመሽ አንድ ድምፅ ትለቂያለሽ፣ ድምፅሽ ግድግዳውን ዞሮ ዞሮ ይመለሳል፣ አንቺ ደግሞ በላዩ ላይ ሌላ ትጨምሪበታለሽ። «እንውጣ፣ ብርድ ገደለኝ እኮ» ስልሽ፣

«እሽሽ፣ እየመለሰችልኝ ነው» ትይኛለሽ።

«ማን?»

«እኔ።»

የዚያን ጊዜ ነው «ይቺ ልጅ ጤና የላትም» ያልኩት። በማግስቱ ግን ተመልሼ አብሬሽ እገባለሁ፤ እኔም ጤና አልነበረኝም መሰለኝ።

የቤተ ክርስቲያኑስ ነገር? አሮጊቷ አርንዲስ ኦርጋናቸውን እየተጫወቱ፣ ሁላችንም መዝሙሩን ጨርሰን አፋችንን ስንዘጋ፣ አንቺ የመጨረሻዋን ድምፅ እንደያዝሽ ትቀሪ ነበር። ወደ ጉሮሮሽ ታወርጂያታለሽ፣ ትንፋሽ ብቻ እስክትሆን ታቀጥኛታለሽ፤ ቄሱ እጃቸውን ለቡራኬ አንሥተው ይጠብቁሻል። አንድ እሑድ አርንዲስ ዞር ብለው «ልጄ፣ መዝሙሩ እኮ አልቋል» ቢሉሽ፣ «እኔ አልጨረስኩም» አልሻቸው። ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ሰማ። እናትሽ ፊቷን በመዝሙር መጽሐፍ ሸፈነች። አርንዲስ ግን ሊገሥጹሽ አልቻሉም፤ ሳቃቸውን አፍነው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አይቻለሁ።

በዚያው ክረምት ነው ቶራብሎት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሾፈብሽ። ኮሚቴው ዓመቱን ሙሉ የያንዳንዳችንን ጉድ ሲለቅም ከርሞ፣ የበጉ ጭንቅላትና የሸተተው ሻርክ ተበልቶ አረቄው አንዴ ከዞረ በኋላ መድረክ ላይ ያወጣናል። በልጅ አይሾፍም። የተሾፈበት ልጅ ከሰው ተቆጠረ ማለት ነው። አንቺ በጋውን ዓሣ ፋብሪካ ስንሠራ ከበረዶ ማምረቻው ማሽን ጋር ስትዘፍኚ ተይዘሽ ነበር። እና የፋብሪካው አለቃ ስቱርላ፣ ያ ግንድ የሚያህለው ባለ ጢም ሰውዬ፣ የእናቱን ቀሚስ ለብሶ ወጣ። ልብስ ማጠቢያ ማሽን አቅፎ «ውዴ፣ እንዳንተ የሚረዳኝ የለም» እያለ ያጓራል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንቺ ከወንበርሽ ወድቀሽ መሬት ላይ ሆነሽ ነው የሳቅሽው። ከዚያ ብድግ ብለሽ «አይ ስቱርላ፣ እንደዚያ አይደለም፣ ከሆድህ አውጣው!» ብለሽ ማሽኑን ዘፈንሽው። ሲነሣ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ በረዶውን ሲተፋ፣ እውነተኛው ማሽን አዳራሹ ውስጥ የገባ ነበር የሚመስለው። ስቱርላ ማጠቢያውን በእርግጫ ብሎ «በቃ፣ የኔው ተበላሽቷል!» አለ።

ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱን በሙሉ «አሾፉብኝ እኮ! ሰማሽ ዮሩን? አሾፉብኝ!» እያልሽ ትዘይ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም።

ከዚያ ሬይኪያቪክ ገባሽ። ከሁለት ልጆች ጋር የሙዚቃ ባንድ አቋቋምሽ፤ አንዱ ጊታሩን በጠረጴዛ ቢላ የሚፍቅ፣ ሌላው በርሜል የሚደበድብ። የመጀመሪያውን ዝግጅታችሁን ለማየት ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ተንገላትቼ መጣሁ። ምድር ቤት ያለ መጠጥ ቤት ነበር። ግማሹ ሰው ሁለተኛው ዘፈን ላይ ወጥቶ ሄደ፤ ቃል የሌለው ዘፈን ማን ይሰማል? ትንፋሽሽን ትስቢያለሽ፣ በምላስሽ ቋ ቋ ታደርጊያለሽ፣ ማልቀስሽ ይሁን መሳቅሽ አይለይም። አንዱ ሰካራም «ኧረ ሐኪም ጥሩላት!» ብሎ ጮኸ። በማግስቱ ጋዜጣው «በር የቆረጠማት ድመት» ብሎ ጻፈብሽ።

ያን ምሽት ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ «አንቺስ ምን መሰለሽ?» አልሽኝ። «እኔ እንጃ፤ ታንከሩ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ፣ በረደኝ» አልኩሽ። አንገቴን ልትሰብሪው እስኪደርስ አቀፍሽኝ። እናትሽ ደግሞ ያንን ጋዜጣ ቆርጣ የማቀዝቀዣዋ በር ላይ ለጠፈችው፤ ለመጣው ለሄደው ሁሉ «ድመቴን አያችኋት?» ትላለች። በዚያ ክረምት ቶራብሎት ስትመጪ ስቱርላ ጭራ ተክሎ ጠበቀሽ።

ቀጥሎ ያለውን ዓለም ያውቀዋል። ያ ቃል የሌለው አልበምሽ ባሕር ተሻገረ፣ ለንደን ጠራሽ። ትልልቅ ሰዎች ስላንቺ በሬዲዮ ሲናገሩ እኛ ሙቁ ገንዳ ውስጥ ተደርድረን እንሰማለን። ኮራን፣ አልዋሽሽም። የዓሣ መኪና ሹፌሮች ሳይቀሩ ካሴትሽን ገዙ። እስከ መጨረሻው ሰምተውት እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

እና ያ ቶራብሎት መጣ። አዳራሹ ስትገቢ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ሳልቮር፣ ላንቺ ብድግ አለ! ካልድቪክ ውስጥ ሰው ብድግ የሚለው ሬሳ ሲገባ ነው። ቄሱ አጠገብ አስቀመጡሽ። ሻርኩን ስታሸቺ ማንም «ምነው፣ ለንደን አሞላቀቀችሽ?» አላለሽም፤ «ካልተስማማሽ ሳልመን ዓሣ አዘጋጅተናል» አሉሽ። ስቱርላ ቆቡን አውልቆ መጣና «ለልጄ ነው» ብሎ ካሴትሽ ላይ አስፈረመሽ። ስቱርላ ልጅ የለውም።

ጭውውቱ ተጀመረ። በቄሱ ተሾፈ፣ በአርንዲስ ተሾፈ፣ እኔም መኪናዬን ወደብ ውስጥ በማንሳፈፌ የእጄን አገኘሁ። አንዱ ባለቀ ቁጥር ፊትሽን አያለሁ። ከንፈርሽ ለሳቅ ተዘጋጅቷል፣ «አሁን የኔ ነው» ብለሽ ወንበርሽን ጠጋ ታደርጊያለሽ። መጋረጃው ተዘጋ። ስምሽ አልተነሣም።

ካፖርት ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ፣ እርጥብ ካፖርቶች መሃል መሬት ላይ ተቀምጠሽ አገኘሁሽ።

«ምን አደረግኋቸው?» አልሽኝ።

«ምንም። አክብረውሽ እኮ ነው።»

«እኔ መች አክብሩኝ አልኩ?» የማን እንደሆነ ባላወቅነው ሻርፕ አፍንጫሽን ጠረግሽ። «ድመት ይበሉኝ፣ ማሽን ይበሉኝ። ዝም ሲሉኝ ግን… ዮሩን፣ ሞትኩ እንዴ?»

ካፖርትሽን ፈልጌ አለበስኩሽ። በማግስቱ በትንሿ አውሮፕላን ሄድሽ፣ ከዚያ ወዲህ አልመጣሽም።

አንቺ የማታውቂው ይኸውልሽ። አውሮፕላንሽ እንደተነሣች በቀጥታ ፋብሪካ ሄጄ ስቱርላን አፋጠጥኩት። «ልጅቷን ለምን ዘለልካት?»

«ፈራሁ» አለኝ።

«ምኗን?»

«አንቺ ሬዲዮ አትሰሚም እንዴ? ዓሣ ስቆርጥ የምውል ሰውዬ፣ ዓለም የሚያጨበጭብላት ሰው ላይ ላላግጥ? ‹እነዚያ ባላገሮች ተሳለቁባት› ተብሎ ቢጻፍስ?»

«ካፖርት መሃል ቁጭ ብላ ስታለቅስ ነበር።»

ቢላውን አስቀመጠ። «ምን ብለናት?»

«ምንም ስላላላችኋት።»

ዓሣው ላይ እንዳፈጠጠ ቀረ። «አይ እኔ» አለ በመጨረሻ፣ «አይ እኔ ደደቡ!» ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ይጠብቅሻል። ደንቡን ታውቂያለሽ፤ በሌለ ሰው ቶራብሎት ላይ አይሾፍም፣ ሐሜት ይሆናላ። አንቺ አትመጪም፣ እሱም አፉን ይዞ ይቀመጣል። ሁለታችሁም አናደዳችሁኝ፣ እውነቴን ነው።

አሁን ባለፈው ሳምንት ምን ሆነ መሰለሽ? ሙቁ ገንዳ ጢም ብሎ ነበር፤ እናትሽም፣ አርንዲስም፣ ስቱርላም ነበሩ። ሬዲዮው ቃለ ምልልስሽን አስተላለፈ። ጋዜጠኛው የትውልድ ቦታሽን ሲጠይቅሽ በዚያ ቀስ ባለ ድምፅሽ «የትውልድ ቦታ የለኝም፤ እኔ ከባሕር ነው የመጣሁት» አልሽ።

እናትሽ ውሃው ውስጥ እስከ አንገቷ ሆና የእንፋሎቱን ጭስ ታያለች። ማንም ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። እኔም በልቤ «አለቀ፣ ይቺ ልጅ ሄደችብን» አልኩ። ይኼኔ ስቱርላ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ እናትሽ ዞሮ፣

«ከባሕር? ታዲያ ማልፍሪድ፣ አንቺ ምንድን ነሽ? ዓሣ ነባሪ?» አላት።

እናትሽ ዞር ብላ አየችው። «ያንን ጭንቅላቷን ስወልድ ብታየኝ ኖሮ ባልጠየቅኸኝ!»

ውሃው በሳቅ ከገንዳው ተደፋ። አርንዲስ ሳይቀሩ «ለዚህ ነዋ መዝሙሩን አልጨርስ የምትለው፤ ጆሮዋ ውስጥ ውሃ ገብቶ» አሉ። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ጣለብሽ። እናትሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እንባው የሳቅ ብቻ አልነበረም፣ ግን ሳቀች። ስላንቺ እንደዚያ ስንስቅ ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑን አላውቅም። ፎጣ ላመጣ ነው ብዬ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ናፍቀሽኛል፣ አንቺ ልጅ። የሬዲዮዋ ሳይሆን አንቺ።

ስለዚህ ይኸው፣ ዘንድሮ ኮሚቴው ውስጥ አለሁበት። ጭውውቱን ጽፈን ጨርሰናል። የዋዛ እንዳይመስልሽ፤ ስቱርላ መረብ ለብሶ ከዓሣ ሣጥን ውስጥ ይወጣል፣ እናትሽ ራሷ መድረክ ላይ ትወልደዋለች። ሁለት ቦታ ላይ በጣም ጨክነንብሻል፤ አንዱን የጻፈችው እናትሽ ናት፣ እኔማ «ኧረ ተይ» ብያታለሁ። አንቺ ከሌለሽ ግን ሁሉም ይሰረዛል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽና ላብቃ። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰውዬ ትኬት ሊቆርጥ ፊቴ ቆመ፣ አላወቅሁትም። ሲስቅ ነው ያወቅሁት። ስቱርላ ነው፣ ያን ሚስቱ እንኳ ከሥሩ ያለውን አይታ የማታውቀውን ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ! «ምን ነካህ?» አልኩት።

«ድሮ ከነጢሜ ነበር እሷን የምሆነው» አለኝ። «አሁን ትልቅ ሰው ናት፣ በሥርዓቱ ነው የሚሾፍባት።»

«ባትመጣስ?»

አገጩን በእጁ ሸፈነና ውጭ የሚነፍሰውን በረዶ አየ። «እንግዲያው ዛሬውኑ ጻፊላት» አለኝ። «ስቱርላን ብርድ ሊገድለው ነው በያት።»

ያንቺው፣
ዮሩን