አራት ሰው የወጣበት ደቦ

ሰኞ

አንድ ማሳ ማሽላ የሚያጭድ ጉልበት ዛሬ እኔን ለማዳን ተሰበሰበ፦ ሐኪሙ፣ ሲስተር ዘነቡ፣ ፋርማሲስቱና የምክር ባለሙያው። «የምናክምህ በቡድን ነው» አሉኝ በክብር። ጉዳዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዐረብ አገር ለወገቤ ሕመም ብዬ የጀመርኩት፣ ሱስ የሆነብኝ ትራማዶል። ሁለተኛ፣ ኪዳኔ ይጠራኛል። አብሮኝ ያደገው፣ በስደት መንገድ የቀረው ኪዳኔ። እነሱ የሚሰጡኝ መድኃኒት ድምፁን ያጠፋዋል አሉ።

የጃኬቴ ገበር ውስጥ አሥር ፍሬ ትራማዶል አለ። ይህን አልነገርኳቸውም። አራት ሆነው መጥተው ሁሉን እኔ ልንገራቸው?

ማክሰኞ

አባየ ትናንት ማታ «በቡድን» ስለው ወዲያው ገባው። «ደቦ ጠርተህ ባዶ እጅህን? አታዋርደኝ!» ጠዋት አንድ ጀሪካን ጠላና ቆሎ ተሸክሞ የሱስ ሕክምና ክፍል ገባ። ጠላ!

«አባባ፣ እኛ እኮ ከሱስ ነው የምናወጣው» አለች ሲስተር።

«ታዲያ ሲወጣ አይጠማውም?»

ቆሎው ተበላ። ጠላው ለጥንቃቄ ለዘበኛው ተሰጠ። ጥንቃቄው ከባድ ነበር መሰል፣ ጀሪካኑ ባዶውን ተመለሰ።

ረቡዕ

ላብ። ማዛጋት። የአጥንት ቁርጥማት። ኪዳኔ ራቀ፤ ከጋራ ማዶ የሚጣራ ይመስላል።

በዚህ የአጨዳ ወቅት እሱ የደቦውን ዘፈን በኽምጥኛ ያወጣ ነበር፣ እኔ በአማርኛ እቀበል ነበር፣ ሃያ ማጭድ እኩል ይወርድ ነበር። ያኔ ወገብ እንዳለኝም አላውቅም። ትራማዶሉን ስውጥ ድምፁ ይቀርበኛል። እጄ ገበሩን ዳበሰ። የቀረውን አልጽፍም።

ሐሙስ

ለምክር ባለሙያው የኪዳኔንና የዘፈናችንን ነገር በዝርዝር አወጣሁለት። ይስቃል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልሳቀም። «ዘፈኑን አንተ ማውጣት ትችላለህ?» አለኝ። ስድብ ነው! እኔ ዕድሜ ልኬን ተቀባይ ነኝ።

ዓርብ

ኪዳኔ ዛሬ አልጠራኝም። ጆሮዬ እንደ ታጨደ ማሳ ጭር አለ።

ወረፋ ስንጠብቅ፣ አግዳሚው ላይ የኪዳኔን ክፍል በለሆሳስ ጀመርኩ። ኽምጥኛዬ ተሰባበረ፤ መሐል ላይ ጠፋኝ። አባየ ቆሎ እየቆረጠመ፣ ሳያየኝ ተቀበለ። ሲስተር ብቅ አለች። «በሽተኛ አለ እኮ!»

«በደቦ ዝም የሚል ሰነፍ ነው፣ ልጄ» አላት።

ገበሩን ቀደድኩና እጇ ላይ አፈሰስኩላት። አየችው። «ይኸው ነው?»

«አንዷን ረቡዕ ውጬያታለሁ።»

አልተቆጣችም። ካርዴ ላይ ጻፈችና ሰኞ ተመለስ አለችኝ። ከደቦ በኋላም ቃርሚያ አይጠፋም።

ወደ ቤት ስንሄድ እንደገና አወጣሁ። አሁንም እዚያው ቦታ ጠፋኝ። አባየ ግን ተቀበለኝ።