የአባባ «ጌት»

ማክሰኞ፣ ሰኔ 5 ቀን 1999፣ ሞያሌ

ዛሬ ልጄ ሃሊማ «ጌት» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አምስት ዓረፍተ ነገር የመሥራት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። የአባባን ደብተር ከሳጥን አወጣሁላት። አላህ ይርሐመውና፣ አባባ ከብት እየነዳ ድንበሩን በተሻገረ ቁጥር ከኬንያዊው ደላላ አንድ ቃል ተምሮ፣ በእኛው ፊደል ጽፎ ይመለስ ነበር። በቃሉ ዓረፍተ ነገር ያልሠራ ልጅ ራት አይቀርብለትም ነበር። «ጌት» ላይ ግን ማግኘት ሲለው መሆን፣ መሆን ሲለው መድረስ ሆነበትና፣ «ይሄስ ራሱ ደላላ ነው፤ የማይገባበት የለም!» ብሎ አሳቀን።

ሃሊማ አራቱን ከደብተሩ ገለበጠች። አምስተኛውን ራሷ ሠርታ በአማርኛ ፈታችልኝ፦ «አያቴን የማየት ዕድል አላገኘሁም።»

ራቷን አቀረብኩላት። እኔ ግን አንድም ዓረፍተ ነገር አልመጣልኝም፤ ሳልበላ ተነሳሁ።