ዱባይ ስትወርድ የሚነበብ

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ፣ የልቤ ሰው። ሰማይ ላይ እንዴት ነህ? እግርህ አላበጠም? ያ ወገብህስ እንዴት አደረገህ? እዚህ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ክረምቱ ጨክኖብናል፤ እንጦጦን ጉም ከዋጠው ሰነበተ።

ብደውል ስልክህ ዝግ ነው፤ ለካ አየር ላይ ነህ። እንግዲህ በቴሌግራም ጽፌልሃለሁ፤ ዱባይ ወርደህ ስትከፍት ታገኘዋለህ። ፊደል ብስት ሳቅብኝ፣ ለምጄዋለሁ።

ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ። የእማዬ ሕመም የጉልበት ብቻ አይደለም፤ ኩላሊቷ ሥራ አቁሟል። አጎታችን ሀጂ ሁሴን “ሰው አገር ብቻውን ያለ ልጅ በስልክ አይደነግጥም፤ ጉልበቷን ነው በሉት” ብለው ሁላችንንም ለጎሙን። ወጋችን ነው፣ ለክፉ አላሰቡም። አንተም ለጉልበት ብለህ ርካሹን ትኬት ቆረጥክ፤ ዱባይ ላይ እስከ ነገ የሚያስቀምጠውን። ምን ታደርግ? ብታውቅማ ያኔውኑ በመጣህ።

እማዬ ለሱብሂ ሶላት ስትነቃ ከሜልቦርን መነሳትህን ነገርኳት፤ ፊቷ በራ። ከዚያ ወዲህ “የት ደረሰ?” ብቻ ሆነ ወሬዋ። ልጄ ኢልሃም በስልኳ ካርታ አውሮፕላንህን እያሳየቻት፣ መንገዱ አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው አለቻት። እማዬም “እኔ ከወራቤ በጭነት መኪና በአንድ ቀን ገብቻለሁ፤ የሚበረውን ምን ያዘው?” አለች። ዱባይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል ስትላት ደግሞ፣ “እንደ መገናኛ ታክሲ እስኪሞላ ነው? ምን ዓይነት ወያላ ነው፣ ልጄን የሚያስቀምጥብኝ!” አላለችም? ሳቅን። እሷም ሳቀች፤ ትንፋሽ አጠራት።

እባክህ፣ እንደወረድክ የሚቀድም በረራ ካለ ጠይቅ። ለምናቸው፣ እናቴ ናት በላቸው። እኔማ ያቺን ስልክ ላይ የምትታይ ትንሽ አውሮፕላን በጣቴ ልገፋት ይቃጣኛል። አትገፋም።

*

ወንድሜ፣ ከሰዓት ነው የምጽፍልህ። የጠዋቱን ልኬዋለሁ፣ ማጥፋቱን አላውቅበትም። ትኬት ቀይር ያልኩህን ተወው። በያዝከው ና፤ አትቸኩል።

እማዬን አሁን አያማትም። ስለ አንተም አትጠይቅም።

ሀጂ ሁሴንን “እስከ ነገ ብንጠብቀውስ?” ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። “ልጄ፣ ይሄ ያንቺም የኔም ፈቃድ አይደለም” አሉኝ። ስትመጣ እሳቸው ያጫውቱሃል። እኔ ሴቷ ቤት ቀረሁ። ወንዶቹ ከዙሁር ሶላት በኋላ ወጥተው አሁን ተመለሱ፤ ደጃፋችን በጭቃ ጫማ ተሞልቷል። ክረምት አይደል።

ኢልሃም ካርታውን ዘግታዋለች።

እዚያ ብቻህን ነህ፤ አጠገብህ የሚይዝህ ሰው የለም። ስለዚህ አትደውልልኝ፣ ድምፄን ጉንፋን ዘግቶታል። ትኩስ ነገር ብላ። መስገጃ አለ ይላሉ፤ ስትሰግድ ለእማዬ ዱዓ አድርግላት። ቦሌ ሀጂ ሁሴንና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይቀበሉሃል፤ ምነው በዙ እንዳትል፣ ናፍቀውህ ነው። ሻንጣህን እነሱ ይያዙልህ፣ አትከልክላቸው።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፤ ልብህን ያጽናልህ፤ ከክፉ ዓይን ይጋርድህ። ይሄን ምርቃት የምታውቀው ከእማዬ አፍ ነበር፤ ዛሬ ከእኔ ተቀበለኝ።

ታላቅ እህትህ