የወገቤ መርዶ

ሰኞ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2007

ከማታ ትምህርት ተመረቅሁ። ማንም አያየውም፣ ለራሴ ልጻፈው፦ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። የተማርነው አምስት ሰው ብቻ ነው… ይሁን። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ፊደል ያስቆጠሩን እትዬ ሰርክ "ጽሑፍህ ይሮጣል" አሉኝ። ባለቤቱ እየሮጠ እሱ ምን ያድርግ?

ቀን ቀን እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ላይ የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ። ቅዳሜና እሁድ የአሜሪካ ክሪኬት ቡድን ፈጣን ኳስ ወርዋሪ ነኝ። አዎ፣ የአገሩ ቡድን። ናይሮቢ የህንድ ሱቅ ስሠራ ጓሮ ውስጥ የለመድኩት ነው። አሥራ ስምንት እርምጃ ሮጬ ኳሷን ስለቃት ሊመታት ዱላ የያዘው ሰውዬ እናቱን ይጠራል። ሠፈሩ ግን ምን ያውቃል? "ያ የገና ጨዋታህ እንዴት ነው?" ይሉኛል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 16

ግራ እግሬ ዛሬም ደነዘዘ። ቆነጠጥኩት… የሌላ ሰው እግር ይመስላል። ሚያዝያ ላይ ወገቤን አሞኝ ሐኪም ሲያየኝ ያስተረጎሙልኝ የፓርኪንጉ አለቃዬ ጋሼ ካሣዬ ናቸው። የኔ እንግሊዝኛ ከመኪና ቁልፍ አያልፍም። ዶክተሩ ረጅም አወራ። ጋሼ ካሣዬ "ትንሽ ቀለል አድርግ ነው የሚለው" አሉኝ። ይህን ለማለት ያን ሁሉ? ፈረንጅ ወሬ ይወዳል።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 2

ለጥቅምቱ ውድድር ተመረጥኩ። ሌላ ማንን ሊመርጡ ኖሯል? ደሴ ላለችው እናቴ ደወልኩ። ጎረቤቱን ሰብስባ እልል አስባለች።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 5

ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ። ጋሼ ካሣዬ፣ እትዬ ሰርክ፣ አብሮኝ የተማረው ስዩም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ገብተው ተቀመጡ። በዚህ ሰዓት እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያጣዋል?

"እናቴ ናት?" አልኩ።

"ማንም አልሞተም" አሉ ጋሼ ካሣዬ። "ወገብህ ነው።"

አጥንቱ ተሰንጥቋል። ስድስት ወር ካረፈ ይድናል፣ ካላረፈ ያበቃለታል… ዶክተሩ ሚያዝያ ላይ ያለው ይሄን ነው። ያኔ ፋሲካ ነበር፣ በበዓል መርዶ አይነገርም። ከዚያ ምርቃቴ ደረሰ። ከዚያ ተመረጥኩ። እኔ አራቱንም ወር ስወረውር ነበር።

"ለምን ያኔውኑ አልነገሩኝም?"

"ደስ ብሎህ ነበር" አሉ። መሬት መሬቱን እያዩ።

እትዬ ሰርክ ንፍሮ ቀቅለው መጥተዋል። ለወገብ ንፍሮ። ራሴን እንዳልጥል ስዩም ክንዴን ያዘ። ኧረ እኔ ምንም አልሆንኩም። ንፍሮውን በላሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 8

ሐኪም ቤት። ጋሼ ካሣዬን አንዲት ቃል እንዳይቀንሱ አስማልኳቸው። እየተረጎሙ እኔ ጻፍኩ፦ ዳግመኛ አይወረውርም። ሁለት ቃል። ፊደሉ አምሮልኛል።

ያኔ ባርፍስ ኖሮ? በሉ ጠይቁልኝ አልኳቸው። ጠየቁ። "ትድን ነበር" አሉኝ። አልቀነሱም።

ለአሠልጣኙ ደወልን። አመሰገነኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

እሁድ፣ ነሐሴ 10

እናቴ ደወለች። ጎረቤቶቿ ከኋላዋ ይሰማሉ።

"ጨዋታው መቼ ነው፣ ልጄ?"

"ጥቅምት" አልኳት።

"ወገብህስ?"

"ትንሽ ቀለል አድርግ ነው ያሉኝ።"

ጋሼ ካሣዬ አጠገቤ ነበሩ። ቀና ብለው አዩኝ።

ምን ላድርግ… ደስ ብሏት ነበር።