የላሞቹ ድርሻ

ሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 1994

ከማል ዛሬ ባለ ልኳንዳ ይዞብኝ መጣ። ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ግን አንዳንዴ ባዳ ይሻላል። ሰውየው በረት ገብቶ የላማችንን የዳልቻን ዳሌ በመዳፉ መታ መታ አደረገና «እርጉዝ አልነካም፤ ስትወልድ ጥሩኝ» ብሎ ወጣ። እሱ እንኳ ወግ ያውቃል።

ከሄደ በኋላ ተጨቃጨቅን። ዳልቻ አምና የወለደችው ጥጃ መቆም አቅቶት በሦስተኛው ቀን ሞተ። እሷም ከዚያ ወዲህ ኮርማ ሳትፈልግ ስድስት ወር ከረመች። አሁን የሰባት ወር እርጉዝ ናት፣ የጎን አጥንቷ ይቆጠራል። «የዘንድሮውም ካልቆመ ትሸጣለች» አለ ከማል። «እሺ» አልኩት። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም። ደክሞኝ ይሆናል።

አባባ የመጀመሪያዋን ጊደር ከቦረና በጭነት መኪና ያመጣ ቀን አሥር ዓመቴ ነበር። መኪናው አብነት መታጠፊያው ላይ ቆሞ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ጊደሯ መውረድ እምቢ አለች፣ አባባ ኮቱን አውልቆ ዓይኗን ሸፍኖ አወረዳት። ለወተት አልነበረም ያመጣት፤ የቦረና ላም ወተቷ ለጥጃዋ ነው። የምትወልዳቸውን ወይፈኖች እያደለበ ለአረፋ ያወጣ ነበር። የእሱን ሰንጋ የማያውቅ ሥጋ ነጋዴ መርካቶ ውስጥ አልነበረም። ከዚያች ጊደር ዘር ዛሬ የቀረችው ዳልቻ ብቻ ናት።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

የከብት ሐኪሙን አስጠራሁ። ልጅ ነው፣ ግን እጁ ቀስ ይላል። ወደድኩት።

«እትዬ ሙኒራ፣ ምን ያበሏታል?» አለኝ። ጭድ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ። ፋጉሎ ከእኛ የሚበልጥ ማን አለው? ከራጉኤል ጀርባ ያለው የኑግ መጭመቂያችን ቀኑን ሙሉ ዘይቱን በአንድ በኩል፣ ፋጉሎውን በሌላ በኩል ሲተፋ ይውላል።

ፋጉሎውን አንስቶ በመዳፉ ጨመቀው። እንደ አፈር ፈረሰ። «ይሄ ደርቋል» አለ። «ለሥጋዋ ይጠቅማታል፣ ቅባት ግን የለውም። በበጋ፣ በጭድ የከረመች ላም ከመውለዷ በፊት ሁለቱን ወር ትንሽ ቅባት ብታገኝ ጥጃው ብርድ ይችላል፣ ቶሎ ይቆማል። እሷም ከወለደች በኋላ አቅም ይኖራታል፣ ኮርማ ለመፈለግ አትዘገይም። ሁልጊዜ ይሠራል ብዬ አልምልም፤ ከሲታ ላም ላይ ግን ይታያል።»

ቀኑን ሙሉ ያ የፈረሰ ፋጉሎ ከዓይኔ አልጠፋም። የአባባ ፋጉሎ ሲጨብጡት ጣት ያወዛ ነበር። ልጅ ሆነን ከፋጉሎው ክምር ላይ እየተንሸራተትን ቀሚሳችን ቅባት በቅባት ሆኖ እናታችን ስታባርረን! ያ ሽታ ዛሬም ቢመጣብኝ አለቅሳለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት አሮጌውን መጭመቂያ አንስቼ የቻይናውን አስገባሁ። ኩራቴ ሌላ ነበር። ጠብታ አያስቀርም እያልኩ ለመጣው ሁሉ አሳየሁ። አሁን ገባኝ፤ ያልቀረው ጠብታ የዳልቻ ነበር።

ዛሬውኑ ጀመርኩ። ከበርሜሉ ሥር የተቋጠረውን የዘይት ጭቃ በሁለት ጣሳ ቀድቼ ጭዱ ላይ አፈሰስኩላት። ላሰችው!

ሐሙስ፣ ጥር 16

ትናንትም ሁለት ጣሳ፣ ዛሬ ጠዋት ሦስት። ሐኪሙ ትንሽ ብሎኝ ነበር። መርካቶ ያደገ ሰው ግን በጅምላ እንጂ በችርቻሮ አያስብም። ትንሽ ከጠቀመ ብዙ ይበልጥ ይጠቅማል አልኩ፣ አለቀ።

ከሰዓት ጭዱን ሸተት አድርጋ ተወችው። ማመስኳት አቆመች። ሆዷ ተለቀቀ፣ በረቱ የሚገባበት አልነበረም። እያጠብኩ ተሳደብኩ፣ እሷን ሳይሆን ራሴን።

ሐኪሙ መጥቶ ሲያይ ሳቁን ዋጠ። «እትዬ፣ ዶሮ ወጥ አደረጉት እንዴ? ጭዱ ዘይት ከለበሰ ሆዷ አይፈጨውም።» ዘይቱን አስተወኝ። ድርቆሽና ውሃ ብቻ። «ጽንሱስ?» አልኩት። «እንግዲህ እናያለን» አለ። ይህን ቃል ሐኪም ሲለው እንዴት እንደምጠላው።

ዓርብ፣ ጥር 17

ጠዋት ትንሽ ድርቆሽ ቆረጠመች። አልሃምዱሊላህ። ማመስኳት ግን ገና ነው።

የሌሊቱ ሐሳቤ አንድ ነበር፤ አሮጌውን መጭመቂያ መልሼ አገኘዋለሁ። ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ለቁርጥራጭ ብረት የሸጥኩለት ሰውዬ አስታወሰኝ። «እሱማ የስንቱ ቤት በር ሆኗል!» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አባባ ከሱቁ ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ያንን ማሽን ነበር፤ ሆዱን መታ ያደርገውና «አደርክ?» ይለዋል።

እግሬ በራሱ ወደ ጋሼ ወልዴ ቤት ወሰደኝ። ያንን ማሽን እስከ ጡረታው ያንቀሳቀሰው እሱ ነው። ከራጉኤል አጥር ሥር ጸሐይ እየሞቀ አገኘሁት። ዓይኑ ደክሟል፣ በድምፄ አወቀኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፣ ማሽኑን በመሸጤም ተጸጸትኩ።

«አይ ሙኒዬ» አለኝ፣ «ማሽኑ ምን አደረገ? አጥብቀሽ ብታስሪው ያም አድርቆ ይጨምቅ ነበር። አባትሽ ነው እንጂ። በየጠዋቱ ይመጣና ‹ወልዴ፣ እስቲ ጫፉን ትንሽ መልስለት፣ የላሞቹ ድርሻ ይቅር› ይለኛል። እሱ ያዝዛል፣ እኔ አላላለሁ።»

አባባ ይህን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም። ወይስ ነግሮኝ ነበር? ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ጨርሼ ሱቅ የገባሁ ሰሞን ዘይት እየባከነ ነው ብዬ ስጮህበት ሳቅ ብሎ «አይባክንም» ይለኝ ነበር። ማሽኑ አርጅቶ ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ። አርጅቶ አልነበረም። ሰውየው ቸር ነበር።

ጋሼ ወልዴ ፊት አለቀስኩ። ሴት ልጁ ሻይ አመጣችልኝ፣ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

ሰኞ፣ ጥር 20

ዳልቻ ታመሰኳለች! አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ አየኋት። ሥራ ፈት የሚለኝ ይበለኝ።

ዛሬ የሠራሁት፦
የቻይናውን ማሽን ጫፍ አስላላሁ። ሠራተኞቹ እብድ መሰልኳቸው።
የወጣውን ፋጉሎ ጨበጥኩት። ጣቴን አወዛው።
ሐኪሙን ፋጉሎውን ስንት ስንት ጣሳ ልስጣት ብዬ ጠየቅሁ፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ለዚያውም ከግማሽ ጀምሬ።
የቀረው ፋጉሎ ለደንበኞች በዚሁ ዓይነት እንዲሸጥ አዘዝኩ።

ከማል ሰምቶ ሱቅ ድረስ እየጮኸ መጣ። ዘይቱ ቀነሰ፣ ሰው ይስቅብናል፣ አንቺ አባባን ሆንሽ። የመጨረሻውን ስድብ ብሎ ነው ያለው። ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 10

ሰባት ሳምንት ምንም አልጻፍኩም። ብጽፍ የማጣት መስሎኝ ፈራሁ።

ባለፈው ሳምንት አጋተች፣ ግቷ ተወጠረ። ጸጉሯም ተኝቷል፣ የጎን አጥንቷ ከሩቅ አይቆጠርም። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወለደች። ጥጃዋን ማንም አልጎተታትም። ሴት ናት፣ እንደ እናቷ ዳለቻ። ሰዓቴን ይዤ ቆምኩ። አንድ ጊዜ ተነሥታ ወደቀች። ሁለተኛም። በሦስተኛው አራት እግሯን ከፍታ እየተንቀጠቀጠች ቆመች፣ ግቱንም ራሷ ፈልጋ አገኘች። እንገሩ ወፍራም ነው፣ ቢጫ። ሐኪሙ «ይሄ ነው!» ብሎ እጁን አጨበጨበ።

ሁሉም እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል። ያምናው ጥጃም ግን ደግፈነው በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ጠብቶ ነበር። ገና አልደሰትም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

ሦስተኛ ቀን። ጠዋት ከአልጋዬ ወርጄ በረቱን ለማየት አቅም አጣሁ። ጫማዬን ሁለት ጊዜ አወለቅሁ።

በመጨረሻ ስገባ ከማል ቀድሞኛል። ሱፉን እንደለበሰ ጭዱ ላይ ተቀምጧል፤ እሱ ካልተጠረገ ወንበር ላይ የማይቀመጥ ሰው። ጥጃዋ ከረባቱን እየጎተተች ትጠባለች። ጉልበቱን በግንባሯ ትደልቀዋለች፣ ትሮጣለች፣ ትመለሳለች። ከማል ያለቅሳል። አባባን በቀበርንበት ቀን እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም።

«ሽታው» አለኝ። «ሙኒ፣ ይሄ ፋጉሎ የአባባ እጅ ይሸታል።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዳልቻ መቼ ኮርማ እንደምትፈልግ ገና አናውቅም፣ ሐኪሙም ቃል አልገባም። ከማል ተነሥቶ ፊቱን በመሐረብ ጠረገና ወደ ቤት ገብቶ ባለ ልኳንዳው ጋ ደወለ። «አትምጣ» ሲለው በመስኮት ሰማሁት። ለምን ብሎ ጠይቆት መሆን አለበት፤ ከማል «የአባታችን ናት» አለው።

ዛሬ ሁለታችንም ሱቅ የገባነው አርፍደን ነው።